ጠባሳ አይጋባም!

ገርጂ አካባቢ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ሰሞኑን አንዲት እናትን «የልጅሽ ጠባሳ እንደማይጋባ የሐኪም ወረቀት አምጪ» ብሎ ከነልጇ መልሷታል። የፈላ ውሃ ያቃጠለው ቆዳ በማን ላይ ነው የሚጋባው? ወረቀቱን የጠየቁት ደግሞ ሳይንስ የሚያስተምሩ ሰዎች ናቸው።

ይህ ፍርሃት እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ከ30 ዓመት በፊት በቡታጅራ አካባቢ የሚጥል በሽታን ሲያጠኑ፣ ታማሚው እሳት ላይ ቢወድቅ እንኳ «ይጋባብኛል» ብሎ ለመንካት የሚፈራ ሰው እንዳለ መዝግበዋል።

ለመምህራንም ለወላጆችም በአጭሩ፦

1. ልጅቷ ወደ ክፍል ከመመለሷ በፊት ጓደኞቿ ይወቁ፤ በእሷና በወላጆቿ ፈቃድ ነው ታዲያ። ምን እንደደረሰባት፣ መልኳ ምን እንደሚመስል፣ እንደ ድሮው ሱዚ እንደምትዘል ይነገራቸው። በውጭ አገር አንዳንድ የቃጠሎ ሕክምና ማዕከላት ባለሙያ ክፍሉ ድረስ ሄዶ ይህንን ያስረዳል።

2. ልጆች ሲጠይቁ ይመለስላቸው። «ያማታል?» ብዙ ጊዜ ያሳክካታል። «ይለቃል?» ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ እስኪለሰልስም አንድ ሁለት ዓመት ይወስዳል። ያ ጥብቅ ያለው ልብስስ? ጠባሳው እንዳያብጥ የሚጫን ነው፤ በቀን እስከ 23 ሰዓት ይለበሳል። የስድስት ዓመት ልጅ ይህን ሰምቶ ወደ ጨዋታው ይመለሳል።

3. ከንፈር መምጠጥ ይቁም። ልጆች ትኩር ብለው ያያሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ይለምዳሉ። ትልልቆቹ ናቸው «አይ ምስኪን፣ ያውም ሴት ልጅ!» የሚሉት፤ እሷው እየሰማች።

ከዚህ የባሰ አለ። ልጇን በር ላይ የምታደርስ እናት «ምድጃ ከነካሽ እንደሷ ትሆኛለሽ» ትላለች። የክፍል ጓደኛ የነበረችው በአንድ አፍታ ማስፈራሪያ ሆነች ማለት ነው። በማግስቱ አጠገቧ የሚቀመጥ ሲጠፋ «ልጆች ጨካኝ ናቸው» ይባላል። ማን አስተማራቸው?

አዲስ አበባ ለቃጠሎ ሕክምና የካቲት 12 እና አቤት ሆስፒታሎች አሏት። ልጅቷን ወደ ክፍሏ መመለስ ግን የማንም የሥራ ድርሻ አይደለም፤ ሐኪም ለትምህርት ቤት ይተወዋል፣ ትምህርት ቤት ለወላጅ፣ ወላጅ ለፈጣሪ። ደንብ ልብስ ላይ ሲሆን ግን ሁሉም ንቁ ነው፦ ኮፍያ ክልክል፣ ከውስጥ እጀ ረጅም ክልክል! አዲስ ጠባሳ ፀሐይ ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ጠልቆ የተቃጠለ ቆዳ ደግሞ እንደ ልብ ስለማያልብ ሙቀት ቶሎ ያደክማታል። ኮፍያ ለመፍቀድ የሐኪሞች ቦርድ መሰብሰብ የለበትም፤ ርዕሰ መምህሩ ዛሬውኑ ለዘበኛው ሊነግረው ይችላል።