አገሩ መርካቶ

ከደብረ ማርቆስ አጠገብ ያለችውን እንዶዳም ኪዳነ ምሕረትን አብዛኛው አንባቢ በዓይኑ አይቷት አያውቅም። ስሟን ግን ሰምቷል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. የተወለዱባት መንደር ናት። አምቦ አቅራቢያ ያለችው ቦዳ ስትነሣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ አንኮበር ስትነሣ አፈወርቅ ተክሌ አብረው ይነሣሉ። ማንኩሳማ ከሁሉም ትብሳለች፤ አገር ያወቃት በበዛብህ ነው፣ በዛብህ ደግሞ ከሐዲስ «ፍቅር እስከ መቃብር» ገጾች ውጭ የኖረ ሰው አይደለም። ኋላ ግን እውነተኛ ደራሲም አላጣችም፤ በዕውቀቱ ሥዩም የማንኩሳ ልጅ ነው።

መርካቶን ያነሣ ሰው ግን ምን አብሮ ያነሣል? በርበሬ፣ ሰልቫጅ፣ ደላላ፣ ኪስ አውላቂ፣ መንገድ የዘጋ አይሱዙ። የጥበብ ሰው ትዝ የሚለው የለም። አንደኛው ምክንያት ሰፈሩ የነጋዴ ተብሎ መፈረጁ ነው፤ ነጋዴና ዘፋኝ ከአንድ ደጃፍ ይወጣሉ ብሎ የሚጠብቅ ጥቂት ነው። ዋናው ምክንያት ግን «አገርህ የት ነው?» የምትለዋ የሁልጊዜ ጥያቄያችን ትመስለኛለች። የመርካቶ ልጅ ለዚች ጥያቄ መርካቶ ብሎ አይመልስም። ቸሃ ይላል፤ እነሞር ይላል፤ ስልጤ፣ መንዝ፣ ሐረር ይላል፤ ምናልባትም ለመስቀል ወይም ለለቅሶ አንዴ ብቻ የሄደበትን የአያቱን ቀዬ ይጠራል። እትብቱ የተቀበረበትን ሰፈር እንደ አገር የሚቆጥርለት የለም፤ እሱም አይቆጥረውም። ስለዚህ መርካቶ ልጆቿን ወልዳ፣ አሳድጋ፣ ለሌላ አገር ታስመዘግባለች።

ገበያው ራሱም ቢሆን ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማዋን ሲይዝ ነጭና ጥቁር ተለይተው የሚኖሩበትን ፕላን አወጣና የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ አዲስ ከተማ ወደምንለው ገፋው። ከዚያ በፊት የሱቁ ንግድ በአመዛኙ በዐረቦች፣ በሕንዶች፣ በግሪኮችና በአርመኖች እጅ ነበር። ከወረራው ወዲህ በቦታቸው እየተተካ የመጣው ከሁሉም በላይ ጉራጌው ነው። በጉልበት ሥራ፣ በሱቅ በደረቴ፣ በሊስትሮ ጀምሮ ቆጥቦ ሱቅ የያዘው ብዙ ነው። ለዛሬው ሸማች የሚታወቀው የተራ አደረጃጀትም የዚህ ታሪክ ውጤት ነው፤ ሸማው በሸማ ተራ፣ በርበሬው በበርበሬ ተራ፣ ያረጀው ብረታ ብረት በምናለሽ ተራ። ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና አንዋር መስጊድ እዚያው ጎን ለጎን ናቸው፤ ቅዳሴውና አዛኑ በአንድ ሰማይ ስር ይሰማል።

ዘፋኙ ማሕሙድ አሕመድ የተወለደው እዚህ ነው፤ በ1933 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ወጥቶ ንጉሠ ነገሥቱ በተመለሱበት ዓመት። ቤተሰቡ ከጉራጌ ነው። ገበያው በአዲሱ ቦታው ገና ጥቂት ዓመት የሆነው ነበርና ልጁና ሰፈሩ እኩያሞች ናቸው ማለት ይቻላል። ከልጅነቱ ጀምሮ በራዲዮ የሚሰማው ዘፈን ልቡን ወስዶት እንደነበር ይታወቃል። እንጀራው ግን ሊስትሮነት ነበር፤ ጫማ ጠርጓል።

ስለ ሊስትሮነት አንድ ነገር ማለት ይገባል። በመርካቶ ሊስትሮነት የጀማሪ ካፒታል እንጂ የውርደት ምልክት አይደለም። ሣጥን፣ ብሩሽ፣ ቀለምና ጨርቅ ብቻ ይበቃዋል፤ ኪራይ የለው፣ ፈቃድ የለው። ሊስትሮው ደንበኛውን የሚያውቀው ከእግሩ ጀምሮ ነው፤ የቸኮለውን፣ ወሬ የሚፈልገውን፣ ሳንቲም የሚከራከረውን ለይቶ እንደየጠባዩ ያስተናግደዋል። ማሕሙድ መድረክ ላይ ሲወጣ የታዳሚውን ልብ በሳቁና በእስክስታው እንዴት አድርጎ እንደሚይዝ ያየ ሰው ይህን ትምህርት ቤት ቢጠረጥር አልፈርድበትም።

ከሊስትሮነት ወጥቶ አሪዞና የሚባል የምሽት ክለብ ውስጥ ተላላኪ ሆነ። ክለቡ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራ በኋላ የሚያመሹበት ነበር። በ1954 ዓ.ም. ገደማ አንድ ምሽት ላይ ዘፋኙ ሳይመጣ ይቀራል። ማሕሙድ ልሞክር ይላል፤ ይፈቀድለታል፤ ጥቂት ዘፈኖች ይጫወታል። ብዙም ሳይቆይ ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር ሆነ፤ እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስም እዚያው ቆየ። ጊዜው ለክብር ዘበኛ ቀላል አልነበረም። የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የተነሣው ከዚሁ ጦር ነበርና ጥላሁን ገሠሠን የመሰለ ዘፋኝ ሳይቀር ታስሮበታል። ወጣቱ የመርካቶ ልጅ የገባው እንግዲህ ቤቱ ከተናወጠ በኋላ ነው።

ነጋዴና ዘፋኝ አይገናኙም ያለ ሰው የሸክላውን ታሪክ ይስማ። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ዐምሐ እሸቴ የሚባል የሙዚቃ ነጋዴ ይህን ክልከላ ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ በራሱ ስም አወጣ። ማስቀረት የሚችሉት ዝም አሉት፤ በሩ ተከፈተ። እሱን ተከትሎ ዓሊ አብደላ ካይፋ «ካይፋ ሪከርድስ»ን ይዞ መጣ። የኢትዮጵያ ሙዚቃ ወርቃማ ዘመን እያልን የምናሞግሰው ነገር አንዱ እግሩ የቆመው በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ላይ ነው፤ ሌላው እግሩ ግን ሱቅ ውስጥ ነበር። ገንዘብ አውጥቶ፣ አስቀርጾ፣ ውጭ አገር አሳትሞ፣ መልሶ አስገብቶ፣ ከመደርደሪያ ላይ የሚሸጠው ነጋዴ ነው። ለዚህም ነጋዴዎቹን በበቂ ሁኔታ አመስግነናል ብዬ አላምንም።

ማሕሙድ ለሁለቱም ቀርጿል። ከሁሉ የገነነው «እረ መላ መላ» በ1967 ዓ.ም. ገደማ ከአይቤክስ ባንድ ጋር ተሠርቶ በካይፋ በኩል ወጣ። ባሱ አንድ ሐረግ ይዞ አይለቅም፤ ሳክስፎኖቹ ይመላለሱበታል፤ ድምፁ ከላይ እየተንቀጠቀጠ ይለምናል። ደርግ ባወጀው የሰዓት እላፊ ግን ምሽቱ ተዘጋ፤ ሸክላውንም ካሴት ተካው። ማሕሙድ ታዲያ ምን አደረገ? ፒያሳ ላይ የራሱን የሙዚቃ ቤት ከፈተ። የመርካቶ ልጅ መሆኑን ከዚህ በላይ ምን ይመሰክራል?

ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ የማሕሙድን ሸክላ የሰማው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ሰምቶ አልተቀመጠም፤ በዓመቱ አዲስ አበባ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1986 «እረ መላ መላ» ብራስልስ ባለው ክራምድ ዲስክስ እንደገና ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ ሕትመትም ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ቅጽ ለማሕሙድ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ቢቢሲ ራዲዮ 3 ለዓለም ሙዚቃ ከሚሰጠው ሽልማት የአፍሪካውን ወሰደ። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ በሚሊኒየም አዳራሽ ሕዝቡን የተሰናበተበትን ኮንሰርት አቀረበ፤ ሰማንያን ተሻግሮ።

ሁለት አገር እንዳለው የሚያሳብቀው ራሱ ዘፈኑ ነው። በአማርኛ የዘፈነው ትዝታ የመላው አገር ሆኗል፤ ጉራጊኛው ግን ለመስከረም ነው። መስቀል ሲቃረብ መርካቶ ይራቆታል። ሱቁ ይቆለፋል፣ ባለሱቁ ለእናቱ ቅቤ ማንጠሪያውን፣ ለወንድሞቹ ልብሱን ጭኖ ወደ ቀዬው ይገሰግሳል፤ በዚያ ሰሞን የአውቶቡስ መናኸሪያውን ያየ መርካቶ ውስጥ ስንት መንደር እንደተጠቀለለ ይገባዋል። ጉራጊኛው ዘፈን ያኔ ከየታክሲው ይወጣል፤ የጉራጌን ቋንቋ የማይሰማ ሁሉ እግሩን ያነሣበታል።

ምናለሽ ተራ የሚገኘው ሌላኛው ጥበብ ግን በልደት መዝገብ የሚያዝ አይደለም። ቁራሌው በየሰፈሩ እየዞረ የሚሰበስበው ሁሉ መጨረሻው እዚያ ነው። በርሜሉ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፣ የመኪና ጎማው በርባሶ። መዶሻው ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም፤ ሲያወሩ መጮኽ ግድ ነው። ከዚህ ሰፈር ከሚወጣው ውድቅዳቂ ሥራውን የሠራው ኤልያስ ስሜ ተወላጁ አይደለም፤ የጨርቆስ ልጅ ነው፣ በ1968 እ.ኤ.አ. የተወለደ። ከዓመታት በፊት ቁልፍና ቆርኪ ይሰበስብ ነበር፤ ኋላ ወደ ኮምፒውተር ዞረ። ከመርካቶ ነጋዴዎች የተበተኑ ማዘርቦርዶችን፣ የኪቦርድ ቁልፎችንና ባለቀለም ሽቦዎችን ይገዛል። ሽቦውን እንደ ሹሩባ ይጎነጉነዋል፣ ሰሌዳ ላይ ይቸነክረዋል፤ ከርቀት ሲያዩት ከሰማይ የታየ የእርሻ ማሳ ይመስላል፣ ሲጠጉት ደግሞ አንድ ቀን የሆነ ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ የተጻፈበት ቁልፍ ነው።

እዚህ ላይ የመርካቶ ነጋዴ ሚና ከሸክላው ዘመን ብዙም አልተለየም። ዕቃውን ለይቶ፣ መዝኖ፣ ተከራክሮ የሚያቀርበው እሱ ነው፤ ካለ እሱ ሠዓሊው ባዶ ሰሌዳ ይዞ ይቀራል። ኤልያስ ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተው ዞማ ሙዚየም መካኒሳ ነው፤ ሥራዎቹ ግን በ2022 እ.ኤ.አ. የቬኒስ ቢየናሌ ዋናው ትርኢት ላይ ተሰቅለዋል፣ ምናለሽ ተራ በኪሎ የተመዘነው ሽቦም አብሯቸው።