በችኮላ የተሠራ ሥራ እንዴት ይለካል?

በእኛ በጋይንት ገንፎ ያገነፋ ሰው ሁሉ አንድ የፊዚክስ ሕግ በክንዱ ያውቃል። ማማሰያውን በዝግታ ቢያዞሩት ይታዘዛል፤ ቢቸኩሉ ግን ክንድ ይዝላል። በችኮላ የተጨመረው ሥራ ገንፎውን በጥቂቱ ከማሞቅ በቀር ጥቅም የለውም። (ድስቱ እሳት ላይ ስላለ ይህን ሙቀት ልብ የሚል የለም።) ስለዚህ አንድ ለውጥ የሚጠይቀውን ከሁሉ ያነሰ ሥራ፣ ማለት ነጻ ኢነርጂ የሚባለውን፣ ለመለካት እጅግ ቀስ ብሎ መሥራት ግድ ነው ሲባል ኖሯል።

በዓይን ወደማይታዩት ነገሮች ስንወርድ ግን ጉዳዩ ይለወጣል። አንድ የአር ኤን ኤ ሞለኪውል በውሃ ውስጥ ሲጎተት የውሃው ሞለኪውሎች ከየአቅጣጫው ይገፉታል፤ አንዳንዱ ግፊት ጎታቹን ይቃወማል፣ አንዳንዱም ያግዘዋል። በአንድ ዓይነት ፍጥነት መቶ ጊዜ ቢጎትቱት መቶ ልዩ ልዩ የሥራ መጠን ይገኛል። አልፎ አልፎም ከነጻ ኢነርጂው ያነሰ ሥራ ይበቃል።

ክሪስቶፈር ጃርዚንስኪ የተባሉ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1997 አንድ ድንቅ ስሌት አወጡ። ሞለኪውሉ ከመጎተቱ በፊት ረግቶ ከነበረና ጉተታው ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ፣ ለአነስተኛው ሥራ ብዙ ክብደት፣ ለትልቁ ጥቂት ክብደት እየሰጡ አማካዩን ቢያወጡ፣ ከችኮላውም ውስጥ ትክክለኛው ነጻ ኢነርጂ ይገኛል። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፤ በክፍላችን ሙከራ «ስሕተት ነው» ተብሎ የሚሰረዘው ብርቅ ቁጥር ዋናውን ምስጢር ይዟልና።

ይህ ስሌት እ.ኤ.አ. በ2002 በካሊፎርኒያ በነካርሎስ ቡስታማንቴ ተፈተነ። የታጠፈውን አር ኤን ኤ በሁለት ጥቃቅን ዶቃዎች መካከል አስረው፣ አንዱን ዶቃ በሌዘር ብርሃን ይዘው ሳቡት። ሲቸኩሉ የባከነው ሥራ በአማካይ ከኬቲ (የሙቀት ንቅናቄ መለኪያ ነው) ሁለትና ሦስት እጥፍ ሆነ። በስሌቱ ያገኙት መልስ ግን በዝግታ ከለኩት የራቀው ከግማሽ ኬቲ በማይበልጥ ነበር።

የአገራችን ሰዎችም በዚህ ዘርፍ ደክመዋል። በደርግ ዘመን ታስረው የነበሩት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ መምህር ዶክተር ሙሉጌታ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ ሰብዓዊ መብት ባደረጉት ተጋድሎ ከአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር የሳካሮቭን ሽልማት ተቀብለዋል። እሳቸውና መስፍን አስፋው እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ አንዲት ጥቃቅን ሞተር የሠሩትን ስሌት አሳተሙ። ሞተሯ በወፍራም ፈሳሽ ውስጥ በመጋዝ ጥርስ መሰል መንገድ የምትሄድ አንዲት ቅንጣት ናት፤ በመንገዷም ሙቅና ቀዝቃዛ ስፍራ ይፈራረቃሉ። የሚነዳት የሙቀት ግፊት ብቻ ነው። ጭነት ትጎትታለች፤ ሁኔታው ሲለወጥ ደግሞ ያችው ሞተር ማቀዝቀዣ ትሆናለች።