ጥርስ ከመትከል በፊት አጥንት ይጠየቃል

በሰሜን ሸዋ ደጋ ጥርስ ሥራ ይበዛበታል። የገብስ ቆሎው፣ የባቄላ አሹቁ፣ የደረቀ ዳቦው፣ በበዓል የበጉ ጥብስ ሁሉም የሚደቀው በመንጋጋ ጥርስ ነው። አንዱ መንጋጋ የጎደለበት ሰው መስታወት ማየት አያስፈልገውም፤ ጉድለቱን በየገበታው ያገኘዋል። በአንድ ወገን ብቻ ማኘክ ይለምዳል፣ ቆሎ ሲዘገንለት «ለእኔ ይቅር» ይላል። ለእንዲህ ያለው ሰው ለረጅም ዘመን የነበረው ምርጫ፣ ማታ ማታ የሚወልቅ ተነቃይ ጥርስ ወይም ግራና ቀኝ ያሉትን ጤነኛ ጥርሶች ሞርዶ በላያቸው የሚዘረጋ ድልድይ ነበር። አሁን ኢምፕላንት ወይም ጥርስ ተከላ የሚባለው ተጨምሯል። ብዙ ሰው ስለ እሱ ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ነው?» ብሎ ነው። ይጠይቅ፤ ግን ከዋጋው በፊት የአጥንቱ ጉዳይ መታወቅ አለበት።

ኢምፕላንት ሦስት ክፍሎች አሉት። ከሥር አጥንት ውስጥ የሚገባው የታይታኒየም ብሎን ነው፤ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 4 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በእሱ ላይ ከድድ ብቅ የሚል ማያያዣ ይታሰራል። በማያያዣው ላይ ደግሞ ከሴራሚክ ወይም ከዚርኮኒያ የተሠራው፣ ሰው ጥርስ ብሎ የሚያየው ሽፋን ይቀመጣል። ታካሚው የሚጨነቀው ለሽፋኑ ንጣት ነው፤ የጥርሱ ዕድሜ የሚወሰነው ግን በማይታየው ብሎንና በአጥንቱ መካከል ነው።

ይህን ያስተማረን በአጋጣሚ የተገኘ ነገር ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ እ.ኤ.አ. በ1952 የደም ዝውውርን ለማጥናት በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ የታይታኒየም መሣሪያ አስገብቶ ነበር። ጥናቱን ጨርሶ መሣሪያውን ሊያወጣ ቢሞክር እንቢ አለው፤ አጥንቱ በታይታኒየሙ ላይ አድጎ ይዞታል። በ1965 ዮስታ ላርሰን በተባለ ሰው የታችኛው መንጋጋ ላይ የመጀመሪያዎቹን ብሎኖች ተከለ። ላርሰን በ2006 እስኪሞት ድረስ፣ ከ40 ዓመት በላይ፣ በእነዚያው ተጠቅሟል።

አጥንቱ ብሎኑን እስኪይዝ ጊዜ ይወስዳል። በታችኛው መንጋጋ ሦስትና አራት ወር፣ አጥንቱ ሳሳ ባለበት በላይኛው እስከ ስድስት ወር መጠበቅ የተለመደ ነው። «በአንድ ቀን ጥርስ» የሚል ማስታወቂያ የምታዩ ከሆነ፣ በዚያው ቀን የሚገጠመው ብዙውን ጊዜ ጊዜያዊ ሽፋን መሆኑን፣ ያም ለተመረጡ ታካሚዎች ብቻ እንደሚሆን እወቁ። ከሥር ያለው አጥንት በማስታወቂያ አይፈጥንም።

እዚህ ላይ የእኛ አካባቢ ልማድ ጣጣ ያመጣል። ጥርስ ሲያመን በቅርንፉድና በጤና አዳም ስናስታግሰው ከርመን፣ ሐኪም ዘንድ የምንደርሰው «ንቀሉልኝ» ለማለት ነው። ከተነቀለ በኋላ ቦታው ባዶውን ለዓመታት ይቀመጣል። ጥርስ ያጣ የመንጋጋ አጥንት ደግሞ ይሟሽሻል፤ የሚበዛው መሟሸሽ የሚታየው በመጀመሪያው ዓመት ነው። ከአሥር ዓመት በፊት የተነቀለ ጥርስ ቦታ ላይ ብሎን የሚይዝ ስፋትና ጥልቀት ላይገኝ ይችላል፤ ያኔ አጥንት መሙላት ይመጣል፣ ሌላ ወጪና ሌላ ወራት ማለት ነው። ከታች በኩል ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ ነርቭ ያልፋል፤ ብሎኑ ከነካው ከንፈር ሊደነዝዝ ይችላል። ከላይ በኩል ደግሞ ሳይነስ የሚባል፣ አየር ያለበት የአጥንት ክፍተት አለ። ስለዚህ ሐኪሙ አፍ ከፍቶ በማየት ብቻ «ይሆናል» ካለ አትቸኩሉ። ራጅ፣ ከተቻለም የመንጋጋውን ጥልቀት በሦስት አቅጣጫ የሚያሳይ ሲቲ ስካን ይታይ። እናንተም ምስሉን አሳዩኝ በሉ፤ መብታችሁ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ራሱ ብዙዎች እንደሚፈሩት አይደለም። የሚደነዝዘው ያ ቦታ ብቻ ነው፤ ታካሚው ነቅቶ ይቀመጣል። ድዱ ይከፈትና አጥንቱ እየተቀያየሩ በሚገቡ ቀጫጭን መብሻዎች ይበሳል፤ ሳያቋርጥ ጨው ያለበት ንጹሕ ውኃ ይፈስበታል። ውኃው ለጽዳት ብቻ አይደለም፤ መብሻው አጥንቱን ከ47 ዲግሪ በላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ካሞቀው አጥንቱ ይጎዳል፣ የተጎዳ አጥንት ደግሞ ብሎን አይዝም። ታካሚው የሚሰማው ግፊት፣ ንዝረትና ድምፅ ነው። ሕመሙና እብጠቱ የሚመጣው ማደንዘዣው ሲለቅ ሲሆን በጥቂት ቀናት ይበርዳል። እነዚያን ቀናት አጥሚት፣ ለስለስ ያለ ፍትፍትና የቀዘቀዘ ሾርባ ይበቃሉ።

ለሐኪሙ የማይደበቁ ነገሮች አሉ። ያልተስተካከለ የስኳር በሽታ የቁስሉን መዳን ያጓትታል፤ ስኳሩ በደንብ የተያዘለት ሰው ግን ሊተከልለት ይችላል። ሲጋራ የመውደቁን ዕድል በግልጽ ይጨምራል። የደም ማቅጠኛ፣ ለአጥንት መሳሳት የሚሰጥ መድኃኒት፣ በአንገትና በራስ ላይ የተደረገ የጨረር ሕክምና ሁሉ ይነገሩ። ዕድገቱን ያልጨረሰ ወጣት መጠበቅ አለበት፤ መንጋጋው ሲያድግ ብሎኑ አብሮ አይሄድም። ድዱ የሚደማና የሚመግል ሰው ደግሞ መጀመሪያ ድዱን ይታከም። በታመመ ድድ ላይ ኢምፕላንት መትከል ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ወጪው ስንመጣ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሲዘረጋ ሰው ሠራሽ ጥርስን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎታል፤ የአንኮበር ገበሬ የመድን ደብተሩን ይዞ ቢሄድ ለዚህ አይረዳውም። ብሎኑ የውጭ ዕቃ ስለሆነ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ከምንዛሪው ጋር ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ የሚነገራችሁ ዋጋ ብሎኑን ብቻ ነው ወይስ ማያያዣውንና ሽፋኑንም ጨምሮ? አጥንት መሙላት ቢያስፈልግስ? በጽሑፍ ይሰጣችሁ።

መንገዱም ሒሳብ ውስጥ ይግባ። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ደግሞ 130 ነው። ምርመራ፣ ተከላ፣ ስፌት ማውጣት፣ ልክ መውሰድ፣ ሽፋን መግጠም፣ ከዚያም በየጊዜው ክትትል አለ። ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋ ያየን ሰዎች፣ ቀጠሮ ቢያልፍ ማን ዘንድ እንደምንሄድ አስቀድመን ማወቅ አለብን። ተመላልሶ መታየት ለማይችል፣ በተለይ ብዙ ጥርስ ላጣ አዛውንት፣ በደንብ የተሠራ ተነቃይ ጥርስ የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ይህን በግልጽ የሚነግራችሁ ሐኪም ጥሩ ሐኪም ነው።

ከተገጠመ በኋላ ቆሎ መብላት ይቻላል? ይቻላል፤ ግን ቆሎውን ልቀሙት። የተፈጥሮ ጥርስ ሥሩን የያዘው ቀጭን ጅማት ስላለ ጠጠር ሲነክስ ወዲያው ይሰማዋል፣ አፍም ሳያስበው ይላላል። ኢምፕላንት ያ ጅማት የለውም፤ በቀጥታ አጥንት ላይ ተቀምጧል። ከገብሱ መካከል ያመለጠች ጠጠር ሽፋኑን ልትሰነጥቅ ትችላለች።

ታይታኒየም አይበሰብስም፤ ዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ግን ይታመማል። ቆሻሻ ሲከማች ድዱ ይቀላል፣ ይደማል፣ ከዚያ አጥንቱ ብዙ ሳያም ይበላል፣ መጨረሻ ብሎኑ ይላላል። የወይራ መፋቂያ የለመደ ሰው አይተወው፤ ግን በድድና በሽፋኑ መገናኛ ለስላሳ ብሩሽ፣ በጎንና በጎን ክር ያስፈልጋል። በትክክል ከተተከሉትና ከተያዙት ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት አሥር ዓመት ይሻገራሉ።

ከክሊኒኩ ስትወጡ የብሎኑን ስም፣ መጠንና መለያ ቁጥር የያዘውን ወረቀት ተቀበሉ። የአንዱ አምራች ማያያዣ በሌላው ብሎን ላይ ላይገጥም ይችላል፤ ከዓመታት በኋላ ሽፋኑ ቢሰበር፣ የተከለላችሁ ሐኪም ቦታ ቢቀይር፣ ሌላው ሐኪም የሚጀምረው ከዚያ ወረቀት ነው።