ስሌት በመልሱ አያበቃም

ብዙዎቻችን ተማሪ ሳለን፥ «መልሱ ትክክል ከሆነ ደረጃ በደረጃ መጻፍ ምን ያደርጋል?» እያልን ተከራክረናል። ነገ በየክፍሉ ስንቆም ይህንኑ ጥያቄ ተማሪዎቻችን ለእኛ ማቅረባቸው አይቀርም። ታዲያ «ማርክ ይቀነስብሃል» ከማለት የተሻለ መልስ ሊኖረን ይገባል። ይህን መልስ ለማግኘት ስሌት እንጀራቸው የሆነውን ሰዎች፥ ማለትም የመሐንዲሶችን ሥራ እንመልከት።

ሐምሌ 10 ቀን 1973 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1981) በአሜሪካ፥ በካንሳስ ሲቲ ከተማ በሚገኘው ሃያት ሪጀንሲ ሆቴል ብዙ ሕዝብ ለጭፈራ ተሰብስቦ ነበር። ከአዳራሹ በላይ ሰው የሚተላለፍባቸው መሸጋገሪያዎች ከጣሪያው በብረት ዘንግ ተንጠልጥለዋል። ከእነዚህም ሁለቱ፥ የ4ኛው ፎቅና የ2ኛው ፎቅ፥ አንዱ ከአንዱ በላይ የተሠሩ ነበሩ። በዚያ ምሽት ሁለቱም በሰው ላይ ወደቁ። 114 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ።

ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ገመድ በዓይነ ኅሊናችን እንይ። ሁለት ሰዎች በአንድ ረጅም ገመድ ላይ፥ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች፥ እያንዳንዳቸው ገመዱን በእጃቸው ይዘው ተንጠልጥለዋል። የላይኛው ሰው እጅ የሚሸከመው የራሱን ክብደት ብቻ ነው። አሁን ደግሞ የታችኛው ሰው ገመዱን ለቆ የላይኛውን ሰው እግር ቢይዝስ? ገመዱ የሚሸከመው ክብደት ያው ነው። የላይኛው ሰው እጅ ግን የሁለት ሰው ክብደት ይወድቅበታል።

በሆቴሉም የሆነው ይኸው ነው። በመጀመሪያው ሥዕል አንድ ወጥ ዘንግ ሁለቱንም መሸጋገሪያዎች አልፎ ይወርድ ነበር። ነገር ግን የላይኛውን መሸጋገሪያ የሚደግፈው ዳዶ ከቦታው እንዲደርስ፥ በረጅሙ ዘንግ ላይ ብዙ ጥርስ ማውጣት ሊያስፈልግ ሆነ። የብረት ሥራውን የያዘው ድርጅት ሥራውን ለማቅለል ዘንጉ ለሁለት እንዲከፈል አሳሰበ። የታችኛው መሸጋገሪያ ከዚያ ወዲያ የተንጠለጠለው ከላይኛው መሸጋገሪያ ላይ ሆነ ማለት ነው። ለምሳሌ ያህል አንዱ መሸጋገሪያ በአንድ ዘንግ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት 9 ቶን ነው ብንል፥ የላይኛው ዳዶ የሚሸከመው ከ9 ወደ 18 ቶን ከፍ አለ። ለውጡን የያዘው ሥዕል በመሐንዲሶቹ መሥሪያ ቤት ማኅተም ተመቶበት አለፈ። በወረቀት ላይ ግን የተለወጠውን ማያያዣ አስልቶ ያየ አልነበረም። ይባስ ብሎ፥ የመጀመሪያው አሠራርም ቢሆን የከተማው የግንባታ ደንብ የሚጠይቀውን ጥንካሬ ያላሟላ መሆኑን ምርመራው አረጋገጠ። ኃላፊ የነበሩት መሐንዲሶች የሥራ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ።

ልብ እንበል፤ ማባዛትና ማካፈል አቅቷቸው አይደለም። ስህተቱ ሥዕሉ ሲለወጥ ስሌቱ አብሮ አለመታደሱ ነው።

ይህም የመጀመሪያ አልነበረም። በካናዳ የኩቤክ ድልድይ ሲሠራ፥ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀት ከ1,600 ወደ 1,800 ጫማ እንዲረዝም ተወሰነ። ድልድዩ ሲረዝም የራሱም ክብደት ይጨምራል። ይሁንና ክብደቱ በጊዜው እንደገና አልተሰላም። የሥራው ዋና አማካሪ መሐንዲስ ቴዎዶር ኩፐር የሚኖሩት በኒው ዮርክ ነበር። በሥራው ቦታ የነበሩት ሰዎች ብረቱ መጉበጡን አይተው ነበር፤ ግን «ሲመጣም የጎበጠ ነው፥ አይደለም» በሚል ክርክር ጊዜው አለፈ። ነሐሴ 23 ቀን 1899 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 1907) ድልድዩ ወድቆ 75 ሠራተኞች አለቁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የሰው ሕይወት ግን አይለቀምም።

እንግዲህ ጠንቃቃ መሐንዲስ ስሌቱን እንዴት ያሻሽላል?

አንደኛ፥ ከቁጥሩ በፊት ግምቱን ይጽፋል። ይኸውም ምን ያህል ክብደት፥ ምን ዓይነት ብረት፥ በየትኛው ደንብ መሠረት እንደሚሠራ ያሰፍራል።

ሁለተኛ፥ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን መለኪያውን ያኖራል። «18» ብቻውን ምንም አይደለም፤ ቶን ነው፥ ኪሎ ነው?

ሦስተኛ፥ ዝርዝሩን ከመጀመሩ በፊት በጥቂት መስመር ግምታዊ መልስ ያወጣል። የመጨረሻው መልስ ከግምቱ አሥር እጥፍ ከራቀ አንድ ነገር ተሳስቷል። ዛሬ ኮምፒዩተሩ ስለሚያሰላልን ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። ኮምፒዩተር የሰጡትን ያሰላል እንጂ «ዘንጉ ለምን ተከፈለ?» ብሎ አይጠይቅም።

አራተኛ፥ ወረቀቱን ቁጥርና ቀን ሰጥቶ ለሌላ ባለሙያ ያሳያል። ለውጥ በመጣ ቁጥርም «ይህ የነካው የትኛውን ገጽ ነው?» ብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል።

የሙያ ዕድገትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ጀማሪው መሐንዲስ በመጀመሪያ በነባር ባለሙያ ሥር ሆኖ ያሰላል። ቀጥሎ የሌሎችን ስሌት ማረም ይማራል። ከዚያም በሥራው ቦታ ተገኝቶ በወረቀት ያየውን በዓይኑ ያያል። በስሙ ፈርሞ ኃላፊነት የሚወስደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስሌቱን ሸፍኖ የሚይዝ ሰው የሚያርመው ስለማያገኝ፥ አሥር ዓመት ቢሠራም የአንደኛውን ዓመት ስህተት ይደግማል። «እስቲ እዩልኝ» የሚል ግን በሌላው ዓይን ጭምር ያድጋል።

ይህ ልማድ የሚጀመረው በእኛ ክፍል ነው። ተማሪው ወረቀቱን ከጎኑ ካለው ጋር ይለዋወጥና የጓደኛውን ሥራ ያንብብ፤ ጓደኛው ሳያስረዳው መከተል ካልቻለ ስሌቱ ገና አላለቀም ማለት ነው። ጥያቄውን ሠርተው ሲጨርሱም አንዱን ቁጥር እንለውጥና «ከዚህ በታች የቱ የቱ ይለወጣል?» ብለን እንጠይቃቸው።

ያን ጊዜ «ደረጃ በደረጃ መጻፍ ምን ያደርጋል?» ለሚለን ተማሪ መልሳችን አጭር ይሆናል፦ ከአንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ስህተትህን ድልድዩ ሳይወድቅ እንዲያገኝልህ።