የአዋላጇ አራስ ቤት

ከአዲስ አበባ ተነስቶ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ አሶሳ የሚደርሰው 670 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነቀምትን አቋርጦ፣ በጊምቢና በነጆ በኩል መንዲን አልፎ ይሄዳል። ነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ አንዲት ወጣት ነርስ በወሊድ ምክንያት ሞተች። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ነበሩ። በስደት ዘመናቸው ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው፣ ጣሊያን ሲወጣ አገራቸው ገብተው፣ በኋላ ሌተና ጄኔራል የሆኑትን አቢይ አበበን አግብተው ወደ ወለጋ ሄደው ነበር። ዕድሜያቸው ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። የሕፃናት ነርሷ የራሳቸውን ሕፃን ሳያሳድጉ ቀሩ፤ አዲስ አበባ ላይ በስማቸው ሆስፒታል ተሠራላቸው።

ከዚያ ወዲህ ስምንት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። በጤና ተቋም የሚወልዱ ኢትዮጵያውያን እናቶች እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 26 በመቶ ነበሩ፤ በ2019ኙ አጭር ጥናት 48 በመቶ ደርሰዋል። ለውጡን ያመጡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ አዋላጅ ነርሶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ሐኪሞች። ብዙዎቹም ራሳቸው በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ ናቸው። የሌሎችን ልጅ የምታዋልደው ሴት የራሷን ስትወልድ ማን ይተካታል? ልጇንስ ማን ይይዝላታል?

በወረቀት ደረጃ ሕጉ ወደኋላ የቀረ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ለወላድ የሰጠው 90 ቀን ነበር፤ 30 ከወሊድ በፊት፣ 60 ከወሊድ በኋላ። በ2010 የተካው አዋጅ 1064 የኋለኛውን ወደ 90 አሳድጎ ለአባትም 10 የሥራ ቀን ፈቀደ። በግል ሆስፒታል ለተቀጠረችው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ይኸንኑ 30 እና 90 ቀን ይሰጣታል፤ ባሏ በግል ድርጅት የሚሠራ ከሆነ ግን የሚያገኘው ሦስት ቀን ብቻ ነው። ይኸው አዋጅ ነፍሰ ጡር ሴት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራ ይከለክላል። ክልሎች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው የራሳቸውን ሕግ ያወጣሉ። የዓለም የሥራ ድርጅት ዝቅተኛ ያለው 14 ሳምንት ነው፤ የኢትዮጵያው 120 ቀን ከ17 ሳምንት ይበልጣል።

ቀኑን በባህሉ አቆጣጠር ስናየው ግን አጭርነቱ ይታያል። ሴት ልጅ የወለደች የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ ልጇን ክርስትና የምታስነሣው በ80ኛው ቀን ነው፤ የድኅረ ወሊድ ፈቃዷ ሊያልቅ የቀረው አሥር ቀን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ጤና ሚኒስቴር ደግሞ ሕፃን እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት ወተት ውጪ ውኃ እንኳ አይቅመስ ይላሉ። ይህን ትምህርት በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የለጠፈችው፣ ለእናቶች ስታስተምር የምትውለው አዋላጅ ነርስ በሦስተኛው ወር የራሷን ልጅ ትታ ወደ ሥራ ትመለሳለች።

ወተቱን አልቦ ማስቀመጥ መፍትሔ ነው ይባላል። ልክ ነው፤ ግን ንጹሕና ገለል ያለ ክፍል፣ ማቀዝቀዣና መብራት ይፈልጋል። የታለበ ወተት ከማቀዝቀዣ ውጪ በሚቆይበት ጊዜ ላይ የሚሰጠው ምክር አራት ሰዓት አካባቢ ነው፤ እሱም ክፍሉ ከ25 ዲግሪ ካልበለጠ። አሶሳ በበጋው መጨረሻ ከ30 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች። ከ5 ሺህ ሜጋ ዋት በላይ እንዲያመነጭ የተገነባው የሕዳሴ ግድብ ያለው በዚሁ ክልል፣ መተከል ዞን ጉባ ውስጥ ነው፤ በዚያው ክልል ከመብራት መስመር የራቀ ጤና ኬላ የምትሠራ እናት ወተቷን የምታቀዘቅዝበት ማግኘቷ ግን እንጃ።

በኢትዮጵያ ከየትኛውም ፈቃድ በላይ ሠራተኛዋን እናት ደግፎ ያቆማት አያት ነው። የአራሷ እናት ቅቤዋንና የገንፎ ዱቄቷን ሸክፋ ትመጣለች፤ ብዙ ጊዜም ልጁ እስኪድህ ትቆያለች። አሶሳ ላይ የሚጎድለው ይህ ነው። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወደ 50 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የተዘረጋ፣ በ1999ኙ ቆጠራ ከ800 ሺህ ያነሰ ሕዝብ የነበረበት ክልል ነው፤ ባለሙያ ከሌላ አካባቢ ሲመጣለት ኖሯል። ከጎንደር፣ ከጅማ ወይም ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች ሐኪም ዘመዷ ሩቅ ነው። በ2011 ካማሺ ላይ፣ ቀጥሎም በመተከል በተነሱት ግጭቶችና በምዕራብ ኦሮሚያ ባለው ጦርነት የተነሳ መንገዱ በየጊዜው ይዘጋል። ያን ጊዜ አያት የምትመጣው በአውሮፕላን ነው፤ ገንዘቡ ከተገኘ። አለበለዚያ ሕፃኑን የምትይዘው ራሷ ልጅነቷን ያልጨረሰች ሞግዚት ትሆናለች፤ ይህ ደግሞ ብዙ የማይነገርለት ሌላ ችግር ነው።

ገና ተረኝነቱም አለ። ጤና ባለሙያዎች ራሳቸው «ዲዩቲ» የሚሉት የሌሊት ሥራ ለወለደችም ላልወለደችም እኩል ይደለደላል፤ የሚያዋልዱት እጆች ጥቂት ሲሆኑ ደግሞ ተራው ቶሎ ቶሎ ይደርሳል። ሱዳን ውስጥ ሚያዝያ 2015 ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በኩርሙክ በኩል የሚገቡት ስደተኞች ለክልሉ ጤና ተቋማት ተጨማሪ ሥራ ሆነዋል። አንዷ ወሊድ ስትወጣ የቀሩት ይሸፍናሉ። ይህ ፈቃዷን የሌሎቹ ሸክም ያስመስለዋል፤ ፈቃድ ጠያቂዋም ባልደረቦቿን በይቅርታ ዓይን ታያለች። ተተኪ ያልተመደበለት መብት በተግባር የባልደረባ ውለታ ይሆናል፤ ውለታ ደግሞ ያሳፍራል።

ገጠር ወርዶ ላየው ሒሳቡ ይበልጥ ይከብዳል። በ1995 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በመሠረቱ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶችን መደበ። አንዷ አራስ ስትሆን ጤና ኬላው በአንዷ ላይ ይወድቃል፤ እሷም ካረገዘች ምን ሊሆን እንደሚችል ለመገመት አያዳግትም። ግን ሌላ ገጽታም አለው። በጉሙዝ ማኅበረሰብ ምጥ የያዛት ሴት ከቤት ወጥታ ጫካ ውስጥ ብቻዋን የምትወልድበት ልማድ ሥር የሰደደ ነው። ያንን ለማስተው የምትሄደው ባለሙያ ቋንቋውን የምታውቅ፣ ልጅ ያዘለች የአካባቢው ልጅ ብትሆን ከመንደሩ እናቶች ጋር ጨዋታዋ ይሰምራል። እናትነቷን እንደ ጉድለት ከመቁጠር ይልቅ እንደ ሥራዋ አካል ማየት የሚቻለው እዚህ ላይ ይመስላል።

ሐኪሞቹ ዘንድ ጭንቁ ሌላ ነው። የሕክምና ትምህርት ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ከዚያ አገልግሎት አለ፤ ከዚያ ስፔሻሊቲ። የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊቲ አራት ዓመት ነው፤ ለዚያም ከአሶሳ ወጥቶ ወደ ትልልቆቹ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች መሄድ ግድ ነው። በ19 ዓመቷ የገባች ተማሪ ሬዚደንሲዋን ስትጨርስ ሠላሳዎቹ ውስጥ ገብታለች። «መጀመሪያ ልጨርስ» እና «መጀመሪያ ልውለድ» የሚሉት ሁለት ምርጫዎች ዕዳቸው ተቀራራቢ ነው። የሚገርመው፣ ከ2012 እስከ 2016 ጤና ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ሊያ ታደሰም፣ እሳቸውን የተኩት ዶክተር መቅደስ ዳባም የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስቶች ናቸው፤ የዲዩቲውን ሌሊት ከውስጥ ያውቁታል። የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም ጤና ሠራተኞች ሁለት ሦስተኛው ሴቶች፣ በከፍተኛ አመራር ያሉት ግን አንድ አራተኛ ገደማ ብቻ መሆናቸውን ይገልጻል። ከታች ወደ ላይ ያለው መሰላል የሚሳሳው የት እንደሆነ ለማወቅ የወሊድ ዕድሜንና የስፔሻሊቲ ዘመንን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል።

አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ፤ ምንም እንኳ ከድህነት የራቀ ሰው ምሳሌ ቢሆንም። አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1951 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ከዶክተር ሬጂናልድና ከስድስት ዓመት ልጃቸው ከሪቻርድ ጋር አዲስ አበባ የገቡት፣ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ ነበር። ቤተሰቡ አብሮ መጣ፤ ባልና ሚስት አንድ ቦታ ሠሩ። ኋላ የፊስቱላ ሆስፒታሉን መሠረቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የሐምሊን አዋላጆች ኮሌጅ ደግሞ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶችን አስተምሮ ወደ ገጠር የመመለስ ሐሳብን ያዘ። ባለሙያዋ እናቷ፣ አክስቷና ጎረቤቷ ባሉበት አቅራቢያ ትሠራለች። ለአሶሳ ይህ ከማንኛውም የበረሃ አበል የሚበልጥ ይመስላል። የፓዌ ጤና ሳይንስ ኮሌጅና የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሽናሻ፣ የማኦና የኮሞ ልጃገረዶችን፣ እንዲሁም በሰባዎቹ የሰፈራ መንደሮች የተወለዱትን፣ አዋላጅና ነርስ አድርገው ባስመረቁ ቁጥር የአያት ጉዳይ በራሱ እየቀለለ ይሄዳል። ስፔሻሊስቶቹ እስኪደርሱ ግን ከሌላ ቦታ የመጣች ሐኪም መኖሯ አይቀርም።

ለእሷ የሚደረገው ብዙም አያስቸግርም። አዋጅ 1064 የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ሠራተኞቻቸው ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚያቆዩበት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ጠይቋል። ጥያቄው ሆስፒታል ውስጥ ማቆያው በየትኛው ሰዓት ይከፈታል የሚለው ነው። እንደ ቢሮ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የሚዘጋ ማቆያ፣ ዲዩቲዋ የሚጀምረው በዚያው ሰዓት ለሆነ እናት ምንም አይጠቅማትም። ሌሊቱን የሚሠራ አንድ ክፍል፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሁለት ሞግዚቶች፣ ከወሊድ ክፍሉ ብዙ ያልራቀ፤ ልጁ ሲያለቅስ ነርሷ በሁለት ደቂቃ ደርሳ አጥብታው ወደ ምጥ ወደያዛት ሴት የምትመለስበት። ወጪው የሚመዘገበው በሆስፒታሉ በጀት ውስጥ በየትኛው መደብ እንደሆነ የጤና ቢሮውና የፋይናንስ ቢሮው ቁጭ ብለው ሊወስኑት የሚችሉት ነው።