ዳማ ኮርማ፦ ከቀለሙ ምን ይታወቃል?

ከብት ገበያ ውስጥ ዳማ (ቡናማ) ኮርማ ሲያዩ «ይሄ የእርሻ ነው፣ አይደክምም» የሚሉ አሉ። የፀጉሩን ቀለም የሚወስነው ሜላኒን የተባለው ንጥረ ነገር ዓይነትና መጠን ነው፤ ከጡንቻው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። በሬ ቀንበር ተሸክሞ ለሰዓታት ሊጎትት የሚችለው የክብደቱን አንድ አሥረኛ ገደማ በሚያህል ኃይል ነው፤ 300 ኪሎ የሚመዝነው በ30 ኪሎ ያህል ኃይል ማለት ነው። ስለዚህ ደረቱን፣ አንገቱን፣ እግሩንና ሰኮናውን ማየት ይሻላል። የወለጋው የሆሮ ከብት በአብዛኛው ቡናማ ሲሆን በሬውም ለእርሻ ይፈለጋል። እዚያ ግን ምስጋናው ለዝርያውና ለገበሬው ምርጫ ነው የሚገባው።

«ቡናማ ገራም ነው» የሚለው ደግሞ ሰው ያስጎዳል። የጀርሲ ላም ለስላሳ ናት፤ ኮርማው ግን ከወተት ከብት ኮርማዎች ሁሉ በአደገኛነቱ የሚጠቀስ ነው። በስዊዘርላንድ ለወተት፣ ለሥጋና ለጉልበት ሥራ ይረባ የነበረው ብራውን ስዊስ በአንጻሩ በእርጋታው ይታወቃል። ሁለቱም ቡናማ ናቸው! በሁለቱም ዘንድ ኮርማው ሲጎለምስ አንገቱና ትከሻው ከላሟ ይልቅ ይጠቁራል። ይህን አይቶ «ተዳቅሏል» ብሎ ዋጋ የሚያወርድ ገዢ አለ፤ ጥቁረቱ የወንዴ ሆርሞን ሥራ ነው።

ወይፈን ከተኮላሸ ጉልበቱ ያልቃል የሚሉም አይጠፉም። የሚቀንሰው ጠበኝነቱ ነው፤ ጉልበቱ እንዳይጎድል ደግሞ ገበሬው የሚያኮላሸው አንገቱና ሻኛው እስኪደነድን ጠብቆ ነው። ቀይ ጨርቅ ያስቆጣዋል የሚባለውን በአጭሩ እንለፈው፦ ከብት ቀይን አጥርቶ አይለይም፣ የሚያስቆጣው የጨርቁ መወዛወዝ ነው።

ከሁሉም ብዙ ወተት የሚያስቀረው ግን «ወተት የእናት ነው» የሚለው ይመስለኛል። ጥጃዋ የዘር ውርሷን ግማሽ የምታገኘው ከኮርማው ነው። ቃሊቲ ያለው የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል የኮርማ ዘር የሚያዘጋጀውም ለዚህ ነው፤ አንድ ኮርማ የብዙ መንደር ጊደሮችን የወደፊት ወተት ይወስናል። ለርቢ የሚገዛ ሰው የኮርማውን እናት ወተት ይጠይቅ፣ የዘር ፍሬውንም በባለሙያ ያስመርምር።

ቀለም ጨርሶ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ጥቁር ፀጉር ፀሐይን የበለጠ ስለሚስብ በቆላ ቡናማው ከጥቁሩ ይሻላል፤ ነጣ ያለው ደግሞ ከቡናማውም ይሻላል። ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ የሚያስተላልፈው ቆላ ዝንብ ባለበት እንደ ዲዴሳ ሸለቆ ባለ ቦታም ቀለም ለውጥ ያመጣል፦ ዝንቡን ለማጥመድ የሚተከለው ጨርቅ ሰማያዊና ጥቁር የሆነው እነዚህ ቀለሞች ዝንቡን ስለሚስቡ ነው።