ለንግድ ጉዳይ ወደ ቫሌንሲያ የሚሄድ መንገደኛ ስለ ከተማይቱ ሊያውቀው የሚገባ

ከስፔን ሴራሚክ የሚያስመጣ ነጋዴ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ የሚያደርሰው በሜዲቴራኒያን ባሕር ዳር ወደምትገኘው ወደ ቫሌንሲያ ነው። ፋብሪካዎቹ የሚበዙት ከእርሷ በስተሰሜን ባለው በካስቴዮን አውራጃ ሲሆን፣ የቫሌንሲያ ወደብም በዚያ ባሕር ላይ ካሉት ታላላቅ የኮንቴይነር ወደቦች አንዱ ነው። እንዲህ ያለው መንገደኛ በከተማይቱ የሚቆየው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ስለ ሆነ፣ መንገድ በመሳት የሚያጠፋው ግማሽ ቀን የአንድ ውል መፈረም ወይም መቅረት ሊሆን ይችላል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ ማድሪድ ካረፈ በኋላ፣ በ2010 ዓ.ም. በተከፈተው ፈጣን የባቡር ሐዲድ ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ቫሌንሲያ ይደርሳል። ነገር ግን ማድሪድ ላይ ባቡሩ ከቻማርቲን ይነሣ እንደ ሆነ ወይም ከአቶቻ፣ ቲኬቱን አይቶ መረዳት ያስፈልጋል፤ አንደኛው ጣቢያ በከተማው ሰሜን፣ ሌላው በደቡብ ነው። ቫሌንሲያም ሁለት ጣቢያዎች አሏት። ፈጣኑ ባቡር የሚቆመው ኾአኪን ሶሮያ በተባለው ሲሆን፣ ወደ አካባቢው ከተሞች የሚሄዱት ባቡሮች የሚነሡት በ1917 ዓ.ም. ከተሠራውና በብርቱካን ሥዕል ካጌጠው «የሰሜን ጣቢያ» ነው። ይህ የሰሜን ጣቢያ ግን የቆመው ከአሮጌው ከተማ በስተደቡብ ነው! ስሙን ያገኘው ከአቅጣጫው ሳይሆን ሐዲዱን ይዞ ከነበረው ከሰሜን ባቡር ኩባንያ በመሆኑ፣ ካርታውን በስሙ የሚመራ እንግዳ ፊቱን ወደ ተቃራኒው ያዞራል። በቀጥታ በአይሮፕላን ቫሌንሲያ ለሚገባ ደግሞ ሦስተኛውና አምስተኛው የምድር ውስጥ ባቡር መስመር እስከ መሐል ከተማ ያደርሱታል።

የከተማይቱን አቀማመጥ ለመረዳት ከሁሉ የሚቀለው የቀድሞውን ቅጥር ማሰብ ነው። ቅጥሩ በ1865 ዓ.ም. መፍረስ ቢጀምርም፣ ዛሬ ጊዬም ደ ካስትሮ፣ ሻቲቫና ኮሎን የተባሉት ሰፋፊ ጎዳናዎች እርሱ በነበረበት መሥመር ይዞራሉ፤ የሴራኖስና የኳርት ታላላቅ በሮችም እስካሁን ቆመዋል። ከዚህ ክበብ ውስጥ መንገዶቹ ጠባቦችና ጠማሞች፣ መኪናም እንደ ልቡ የማይገባባቸው ስለ ሆኑ በእግር መሄድ ይሻላል፤ ከክበቡ ውጭ ግን ባቡር፣ አውቶቡስ ወይም ታክሲ ይያዛል። መንገድ የጠፋበት ሰው የካቴድራሉን የሚካሌት ግንብ አይቶ ሊመለስ ይችላል።

አድራሻም ያሳስታል። ከተማይቱ ሁለት ቋንቋ አላት፤ በደብዳቤ ላይ በስፓኝ ቋንቋ «ካዬ» ተብሎ የተጻፈው መንገድ፣ በግድግዳው ላይ በቫሌንሲያ ቋንቋ «ካሬር» ተብሎ ይገኛል። ስለዚህ ሁለቱንም ስም ጽፎ መያዝ ይጠቅማል።

ከመንገዱ ይልቅ ነጋዴውን የሚጎዳው ሰዓቱ ነው። አዲስ አበባ በክረምታቸው በሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው በአንድ ሰዓት ትቀድማቸዋለች። የአቆጣጠሩም ልማድ ስለሚለይ፣ እነርሱ «10 ሰዓት» ሲሉ በኢትዮጵያ አነጋገር ከጧቱ 4 ሰዓት ማለታቸው ነው። ምሳ የሚበላው በ8 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ትናንሽ ሱቆች ከዚያ እስከ 11 ሰዓት ይዘጋሉ። ስለዚህ ቀጠሮን ጧት ማድረግ ይበጃል። በኦገስት ወር አለቆቹ ለዕረፍት የሚሄዱበት ድርጅት ብዙ ነው። ከማርች 15 እስከ 19 ቀን ደግሞ የፋያስ በዓል ሲከበር፣ ትላልቅ ምስሎች በየአደባባዩ ቆመው በመጨረሻው ሌሊት ይቃጠላሉ፤ መንገዶች ይዘጋሉ፤ ሆቴል ይጠፋል። ለማየት የመጣ ሰው ይደሰትበታል፤ ሊፈራረም የመጣ ግን ሌላ ሳምንት ቢመርጥ ይሻለዋል።

በስተሰሜን አሮጌውን ከተማ የሚያዋስነው የቱሪያ ወንዝ ዛሬ ውሃ የለበትም። በኦክቶበር 1957 ዓ.ም. ሞልቶ ከተማይቱን ስላጥለቀለቀና ብዙ ሰው ስለ ገደለ፣ በደቡብ በኩል አዲስ መውረጃ ተቆፈረለት፤ የቀድሞው መውረጃም በእግርና በብስክሌት የሚኬድበት ረጅም የአትክልት ስፍራ ሆነ። በኦክቶበር 29 ቀን 2024 ዓ.ም. ታላቁ ጎርፍ በመጣ ጊዜ አዲሱ መውረጃ አሮጌውን ከተማ አዳነ፤ ከእርሱ በስተደቡብ እንደ ፓይፖርታና ካታሮኻ ያሉት ከተሞች ግን ከነመጋዘኖቻቸውና ከነሱቆቻቸው ተዋጡ፤ በአውራጃው ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያ አካባቢ የቆየ ደንበኛ ያለው ነጋዴ የያዘው አድራሻ እስካሁን የሚሠራ መሆኑን አስቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነው።

በ1928 ዓ.ም. ከተከፈተው ከማዕከላዊው ገበያ ፊት ለፊት ሎንኻ የተባለው የሐር ነጋዴዎች አዳራሽ አለ። ግንባታው የተጀመረው በ1482 ዓ.ም. ነው። ዓምዶቹ እንደ ገመድ የተገመዱ ሲሆኑ፣ በግድግዳው ዙሪያ በላቲን የተጻፈው ቃል የማያታልልና አራጣ የማይበላ ነጋዴ የሚያገኘውን በረከት ይናገራል። ገበያው በምሳ ሰዓት ስለሚዘጋና እሑድ ስለማይከፈት ሁለቱን በአንድ ጧት ማየት ይቻላል፤ ከዚያም እስከ ሰሜን ጣቢያ በእግር አጭር መንገድ ነው፤ ወደ ካስቴዮን ፋብሪካዎች የሚወስደው የስድስተኛው መስመር ባቡር ከዚያ ይነሣል።